ስምንት ቁጥር ለስምንት ሰው

ሀውራ ዘጠኝ ዓመት ዱባይ ኖራ ወደ ሐይቅ ስትመለስ፣ ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ሽቶ በሚያወርድበት ደጅ እሷ ኬብል አወረደች። እናቷ ጆንያ ሙሉ ሰማያዊ ገመድ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ሲያዩ ለጎረቤት ምን እንደሚሉ ጨነቃቸውና «የልብስ ማስጫ ነው» አሉ። ጎረቤቱም ሳያንገራግር አመነ። በሐይቅ ከዐረብ አገር የመጣ ዕቃ መጀመሪያ ይደነቃል፤ ጥቅሙ ቀስ ተብሎ ይፈለግለታል።

የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በሰው ቤት፣ ካሜራ በተተከለበት ኩሽና ውስጥ ሠራች። የቀሩትን አምስት ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት ሻይ አመላለሰች። የመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ባለሙያ አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ ነበር። ለአለቆቹ ሲያስረዳ እያዛጉበት ስለተማረረ፣ ሻይ ይዛ ለምትገባው ልጅ ማስረዳት ጀመረ። እሷ አላዛጋችም። በሦስተኛው ዓመት ላይ እሱ ሻዩን እየጠጣ ራውተሩን የምታስተካክለው እሷ ነበረች፤ ደመወዙ ግን እሱው ጋ ቀረ።

ስትሄድ ሁለት ዓመቷ የነበረችውን ልጇን ፈሂማን ለእናቷ ትታ ነበር። ውላ ሳታድር ካሜራ ገዝታ ላከችና እናቷ ቤት ጣሪያ ጥግ ላይ አሰቀለችው። ኢንተርኔቱ ሲኖር ልጇን ታያለች፣ በዚያው ካሜራ ታናግራታለች፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ እሷም የለችም። ለፈሂማ እናት ማለት ጣሪያ ጥግ ላይ የተንጠለጠለች፣ ቀይ መብራት ያላት፣ መብራት ሲሄድ አብራ የምትሄድ ነገር ሆና ቀረች። አሁን ሀውራ ራሷ በአካል መጥታ «ፈሂማ፣ በላሽ ወይ?» ስትላት፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ ለካሜራው «በላሁ» ትላለች። ሀውራ ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን እንደ ቀልድ ስቃበት ጓሮ ገባችና አለቀሰች።

መቅረት ፈለገች። ለመቅረት ግን ሥራ የምትሠራበት አንድ ክፍል ያስፈልጋት ነበር። የዱባዩ መሥሪያ ቤት «ተመለሺ፣ ቦታሽ አለ» እያለ ነው፤ ቪዛው የሚጠብቃትም እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ሻይ ስታመላልስ ለኖረች ሴት «የኔትወርክ ሥራ» የሚሠራበት ክፍል የሚሰጥ ሰው ሲጠፋ ሐጂ እንድሪስ ተገኙ።

ሐጂ እንድሪስ በአምባሰል ማሾ ሲነግዱ ኖረው በስተርጅና፣ ጂዳ ባሉ ልጆቻቸው ላብ፣ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያቆሙ ሰው ናቸው። ልጆቹ፣ በተለይ ትልቁ ኡበይድ፣ የንግድ ኢንተርኔት እንዲያስገቡ አዘዟቸው። የአድራሻ ቁጥሩ የማይለዋወጥ፣ ካሜራ ተተክሎ ጂዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሕንፃውን ለማየት የሚያስችል ይሁን ተባለ። ለሌባ ነው አሏቸው። ሐጂ ገና ወንበር እንኳ ባልገባበት ሕንፃ ሌባ ምን ሊወስድ እንደሚመጣ አልገባቸውም፤ ቢሆንም እሺ አሉ። ሀውራንም አስጠርተው «መስመሩን አስተካክይልኝ እንጅ ደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ያንች ናት» አሏት።

መስመሩ ሲገባ አብሮት አንድ ወረቀት መጣ። ወረቀቱ ላይ ስምንት ረጃጅም የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች አሉ፤ የሚለያዩት በመጨረሻቸው ብቻ ነው፣ ከአርባ እስከ አርባ ሰባት። እዚህ ላይ ሌላ አገር ያለ ሰው ወረቀቱን ለባለሙያ ይሰጣል። ሐጂ ግን የወሎ ሰው ናቸው፤ እጃቸው የገባን ነገር ሳያካፍሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ያን ሐሙስ ለሕንፃው ምርቃት ወዳጃ ጠርተው ነበር። ጫቱ ቀርቦ ዱዓው በደመቀበት ሰዓት ተነሡና ስምንቱን ቁጥሮች እንደ ቅርጫ አደሏቸው።

ያደሉት በዕድሜና በዝምድና ነው። አርባ ለጋሽ አያሌው ደረሰ። ጋሽ አያሌው ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ጡረታ የወጡ አንጋፋ ሽማግሌ ናቸው፤ ክርስቲያን ቢሆኑም እሳቸው ሳይመጡ የሐጂ ወዳጃ ተጀምሮ አያውቅም። አርባ አንድ ለሐጂ ሚስት ወንድም ለሀሚዱ ሆነ። አርባ ሁለትን ሐጂ ለካሜራው ብለው ለራሳቸው ያዙ። የቀሩት አምስቱ ለተከራዮቹ ሄዱ፤ ለፎቶ ቤቱ፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለጉዞ ወኪሉ፣ የመጨረሻው አርባ ሰባት ደግሞ ለሁሉም ታናሽ ለሱንዱስ። ሱንዱስ መድኃኒት ቤት ልትከፍት ነው፤ ደሴ ካለው አከፋፋይ ጋር የምትገናኘው በዚሁ ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ «አላህ በረካ ያድርገው» ተባለ፣ አሚን ተባለ። በወዳጃ ፊት የተሰጠ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይወሰድም።

ሀውራ ወረቀቱን ያየችው በማግስቱ ነው።

«ሐጂ፣ ከስምንቱ ለሰው የሚሆኑት አምስቱ ናቸው» አለች።

«አምስቱ?»

«አርባና አርባ ሰባት ለማንም አይሰጡም። አርባ አንድን ራውተሩ ራሱ ይወስደዋል። የትም አገር እንዲህ ነው።»

ሐጂ ወረቀቱን አንዴ፣ እሷን አንዴ አዩ። «እስቲ ሽማግሎች ይስሙት» አሉ በመጨረሻ።

ወሬው ከሀውራ ቀድሞ አስፋልቱን ተሻገረ። እስከ ጁምዓ ሶላት ሦስት ቁጥር መብላቷ ታወቀ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ዱባይ ላሉ ጓደኞቿ መሸጧ ተረጋገጠ። ቁጥር ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አንድ ሰው ባይኖርም በስንት እንደተሸጠ የሚያውቁ ብዙዎች ነበሩ። እናቷ ልብስ ማስጫ ያሉት ገመድም በዚያው ዕለት የስርቆት መሣሪያ ሆኖ ተሾመ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሎቹና ተከራዮቹ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። ሀሚዱ ጀመረ።

«ወላሂ እኔ በሰው አልፈርድም። ግን ስምንት ገብቶ አምስት ከወጣ ሦስቱ የት ደረሰ? ማሾ ቢሆን ነቀዝ በላው ይባላል። ቁጥርን ምን በላው?»

«አልተበላም አባ ሀሚዱ። እዚሁ ነው ያለው። ሰው ግን አይቀመጥበትም» አለች ሀውራ።

«የኔ ልጅ፣ ሰው የማይቀመጥበትን ቦታ ማን በወረቀት ይሰጣል?» አሉ ጋሽ አያሌው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከመዝገብ ጋር ስለኖሩ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ሲሰጥ ከማንም በላይ አይተዋል፤ ቢሆንም ሽማግሌ ናቸውና ጠየቁ።

ሱንዱስ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ትጠርጋለች። የጥርስ ሐኪሙ ቁጥሩ ከደኅነኞቹ መሆኑን ስላረጋገጠ ፍትሕ እንዲዘገይ አይፈልግም ነበር። ሀሚዱ ግን አልበረደለትም።

«ቁርኣን ይምጣ። ሦስቱን አልወሰድኩም ብላ ትማል።»

ሀውራ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገሯ ገብታ፣ በማንም ኪስ በማይገባ ቁጥር የተነሣ ሌባ ተብላ ልትማል ነው። ቪዛው ትዝ አላት፤ ሻንጣዋን ገና እንዳላራገፈችውም ትዝ አላት።

«መማል አልፈራም» አለች። «እውነት ነውና እምላለሁ። ግን ዛሬ ከማልሁ ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር ስምል ልኖር ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በዚህ መሀል የሕንዳዊው ሽማግሌ ምክር መጣላት። ለትልቅ ሰው ነገሩ የማይሠራውን አትንገሪው፣ ማዕረጉን ንገሪው ይላት ነበር። ውሸት አያስፈልግም፤ ከእውነቱ ውስጥ ማዕረጉን መፈለግ ብቻ ነው።

«ጋሼ» አለች ወደ ጋሽ አያሌው ዞራ፣ «አርባ የሰፈሩ ስም ነው። እዚህ ሐይቅ የሚባል ሰው አለ? የለም። ግን ሐይቅ ባይባል ሰዉ ሁሉ ከየት ነው ይባል ነበር? አርባ ከሌለ ሰባቱ ቁጥሮች አገር የላቸውም።»

ጋሽ አያሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያ ስሙ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ አታስረጅንም ነበር?» አሉና ዙሪያውን ተመለከቱ።

ሀሚዱ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «የኔስ?»

«ያንተ በሩ ነው አባ ሀሚዱ። የሚወጣውም የሚገባውም ባንተ በኩል ነው።»

«ጥርስ ሐኪሙም?»

«ጥርስ ሐኪሙም።»

ሀሚዱ ጥርስ ሐኪሙን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጥገኛ አየው። ቁርኣኑ ይምጣ ማለቱን ማንም አላስታወሰውም፤ እሱም ራሱን አላስታወሰም።

«አርባ ሰባት ደግሞ አዋጅ ነጋሪ ነው። በእሱ ሲጠራ ሁሉም ይሰማል። ለብቻው ግን እሱን የሚያናግረው የለም።»

«እኔ አዋጅ አልነግርም» አለች ሱንዱስ። «እኔ መድኃኒት ማዘዝ ነው የምፈልገው።»

እዚህ ላይ ሽምግልናው ተቸገረ። የወዳጃ ስጦታ አይመለስም፤ ልጅቷም በአዋጅ ብቻ መድኃኒት ቤት አትከፍትም። ይኼኔ እስካሁን የሙስበሃቸውን ፍሬ ሲቆጥሩ የነበሩት ሐጂ እንድሪስ እጃቸውን ገቱ።

«መመለስ እንጅ መለዋወጥ አልተከለከለም» አሉ። «የኔን አርባ ሁለት ሱንዱስ ትውሰድ። የሷን አርባ ሰባት ለኔ ስጡኝ።»

«ሐጂ፣ የእርስዎኮ ካሜራው ያለበት ነው» አለች ሀውራ ደንግጣ። «አርባ ሰባት ላይ ካሜራ አይሠራም።»

«የሰው ልጅ ከምታለቅስ የኔ ካሜራ ይቅር።»

ቤቱ በምርቃት ተናወጠ። ጋሽ አያሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሱንዱስ የሐጂን ጉልበት ልትስም ተደፋች። በዚያ ሳምንት ሐይቅ ከተማ ከሐጂ እንድሪስ በላይ ለጋስ ሰው እንዳልነበረ ፎቶ ቤቱ በር ላይ የሚሰበሰቡት ሁሉ ይመሰክራሉ።

ሀውራ በዚያው ከሰዓት ሥራውን ጨረሰች። ራውተሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለች፣ ላፕቶፗን በኬብል አገናኘች፣ አምስቱን ቁጥሮች ለአምስቱ ክፍሎች አንድ በአንድ አስገባች፣ ከውጭ ሲጠሩ የሚመልሱ መሆናቸውንም በስልኳ አረጋገጠች። ሱንዱስ ማዘዣዋን ላከች፤ ከደሴ መልስ መጣ። እኒህ አምስቱ ከማግስቱ ጀምሮ ፈዘዘ፣ ተቆራረጠ፣ ዘገየ እያሉ ማማረር ጀመሩ። የማይሠሩት ሦስት ቁጥሮች ባለቤቶች ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን ቅሬታ አሰምተው አያውቁም። ጋሽ አያሌው አርባን በትልቁ አጽፈው፣ በፕላስቲክ አስለብሰው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። ሀሚዱ በየጠዋቱ ራውተሩ ሥር ወንበር አስቀምጦ ይቀመጣል፤ መስመሩ ሲዳከም ተከራዮቹ ወደ እሱ ያያሉ፣ እሱም «ዛሬ ደክሞኛል» ይላቸዋል።

ከጂዳ ኡበይድ ደወለ። ካሜራው ለምን እንደማይታይ ጠየቀ። ሐጂ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ ተከራዮቹ ፊት፣ ቁጥራቸውን ለአንዲት ልጅ እንደሰጡ ነገሩት። ልጁ ምን ይበል? «ማሻአላህ አባ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሀውራን ደረጃው ሥር አገኟት። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያ የኔ አርባ ሰባት፣ እውነት አይሠራም?»

«አይሠራም ሐጂ። ግን ከፈለጉ ካሜራውን በሌላ መንገድ ማሳየት ይቻላል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

«በአላህ፣ ምንም እንዳትነኪ» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «አለመሥራቱ ያን ቀን ከሽማግሎቹ ሁሉ በፊት ገብቶኛል። ልጆቼ ደጎች ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሰባ ዓመት የት ወጣህ የት ገባህ የሚለኝ ሳይኖር ኖሬ፣ አሁን ከጂዳ ‹አባ ዛሬ ሦስት ጊዜ ወጡ፣ ጫቱም በዛ› ልባል? አራተኛው ፎቅ ላይ ወጥቼ ሐይቁን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሌላ የምሠራው የለም። ምንም አለመሥራቴን ሰው እንዲያይብኝ አልወድም።»

ሀውራ የያዘችውን ኬብል አስቀመጠች።

«አንችም ኩሽና ውስጥ ካሜራ ነበረብሽ አሉ።»

«አራት ዓመት።»

«እንዴት ቻልሽው?»

«ስበላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኪሳቸው የክፍሉን ቁልፍ አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡና፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጡ።

ሀውራ ለዱባዩ መሥሪያ ቤት እንደማትመጣ ጽፋ ላከች። ከዚያ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ቆመችና የጣሪያውን ካሜራ መፍታት ጀመረች። ስታላላው፣ አራት ዓመት የጠላችውን ዕቃ በገዛ ገንዘቧ ለልጇ ዘጠኝ ዓመት ማሰቀሏን አሰበችና አፈረች። ካሜራው ሲነቀል ቀይ መብራቱ ጠፋ፤ ጥግ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቀረ።

ፈሂማ ከትምህርት ቤት ስትገባ እንደ ወትሮዋ ሰላም ልትል ቀና አለች። ባዶውን ጥግ አየች፣ እናቷን አየች፣ እንደገና ጥጉን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አሁን በየት በኩል ልታዪኝ ነው?» አለች።

ሀውራ ከወንበሩ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።