በበረዶ ላይ የወረድን ሴቶች

ሊቀመንበር የሆንኩት ፈልጌ አይደለም። አብዮቱ መጥቶ በየገበሬ ማኅበሩ የሴቶች ማኅበር ይቋቋም ሲባል፣ ከከተማ የመጣው ዘማች ተማሪ ዋርካ ስር ሰብስቦን ማንበብ የምትችል አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። አባቴ ሲራራ ነጋዴ ስለነበር ከሰው የተለየ ነገር ይወድ ነበር፤ ቄሱ ዘንድ ልኮኝ ዳዊት ደግሜያለሁ። ተማሪው አጨበጨበ፣ ሴቶቹም እሱን አይተው አጨበጨቡ፣ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት በተጣላ፣ ላም በጠፋ፣ ምንጭ በደረቀ ቁጥር የሚንኳኳው የእኔ በር ሆነ። ድካሜ ያኔ የጀመረ ይመስለኛል፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

መንደራችን ከጓሳው ጋራ ጀርባ ነው፤ መካነ ሰላም ደግሞ ከጋራው ወዲያ ማዶ። ጋራው አናት ላይ ከጓሳና ከጅባራ በቀር የሚበቅል ነገር የለም። በበጋ ማልዶ የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ ይገባል። በበልግ ግን ጉሙ ሳይታሰብ ይወርዳል፣ በረዶው ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ መንገዱም ገደሉም አንድ ዓይነት ነጭ ነው። እዚያ ላይ የቀረ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ታዲያ ገደል ገብቶ አይደለም፤ ደክሞት ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀምጦ ነው የቀረው።

በዚያ ክፉ ዘመን እህሉ ደጋግሞ ከሸፈብን። በቅሎው ሞተ፣ በሬው ታርዶ ተበላ። ከወንዶቹ ገሚሱ ቆላ ወርዶ ጉልበቱን ሊሸጥ ሄደ፣ ገሚሱ ለሚሊሻ ተወሰደ፣ ገሚሱን ራሳችን ቀበርነው። ከዚያ የእርዳታ ስንዴ መካነ ሰላም ገባ የሚል ወሬ መጣ፤ ነገር ግን ድርሻውን የሚቀበለው ራሱ የመጣ ሰው ብቻ ነው፣ ለጎረቤት ብሎ መውሰድ የለም ተባለ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሴቶቹ ጋራውን ይሻገራሉ፣ አለዚያ ልጆቹ ያልቃሉ።

ሴቶቹ ጋራውን አያውቁትም ስል ጭራሽ አልወጡትም ማለቴ አይደለም። ለልቅሶም ለንግሥም ወጥተውታል። ግን ወንዱ ይቀድማል፣ ሴቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የባሏን ተረከዝ እያየች ትከተላለች። ቀና ብላ የትኛው ጅባራ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ሸንተረር ገደል ላይ እንደሚጥል አይታ አታውቅም። ባልየው ሲሞት መንገዱም አብሮት ተቀበረ። ይህንን ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል፤ ሟቾቹን ይማር፣ ግን ያናድደኛል።

እኔ መንገዱን የማውቀው አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ነው። እስክዳር ድረስ አጋሰስ እያስነዳ ይዞኝ ይዞር ነበር። ጉም ሲመጣ ሰው ሁሉ በመጫኛ ወገብ ለወገብ ይታሰራል። የፊተኛው ከኋላው ያለውን ይጠራል፣ የተጠራው አለሁ ብሎ እሱም በተራው ከኋላው ያለውን ይጠራል፣ እንዲህ እየተባለ እስከ ጭራው ይወርዳል። መልስ ከታጣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ቁልቁለቱ በረዶ ከለበሰ ደግሞ በእግር አይሞከርም፤ ቁርበት ላይ ተቀምጦ፣ በትሩን ብብት ስር ይዞ ጫፉን መሬት እያስነከሱ መንሸራተት ነው። በትሩን ጫን ሲሉት ይቆማል፣ ላላ ሲያደርጉት ይሄዳል። ቁርበት እንደሆነ ሞልቷል፤ ከብቱ አልቆ የተረፈን ቆዳው ነው።

ሴቶቹን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ሣራም ቁልቁለት ሰበሰብኳቸው። መጫኛውን ማሰር ወዲያው ገባቸው፣ ጭነት ሲያስሩ የኖሩ ናቸውና። መጠራራቱ ትንሽ አሳፈራቸው። ቁርበቱ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሴት ልጅ እግሯን ዘርግታ፣ ቀሚሷ ተገልቦ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቁልቁል ልትንሸራተት! ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ በመጨረሻ ሰለቸኝና ቀሚሴን በመቀነቴ እግሬ መሃል ጠፍሬ ራሴ ወረድኩ። በትሩ አመለጠኝ፣ ተንከባልዬ እታች እሾህ ውስጥ ገባሁ። ስነሳ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሳቅ ከሰማን ስንት ጊዜያችን ነበር! እየተንገበገብኩም ደስ አለኝ። ከዚያ አንዷ ተነስታ "ይሁና፣ ከመሞት መውደቅ ይሻላል" ብላ ቁርበቱን ጎተተችው።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። የሟቹ ቄስ ሚስት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባልቴት። አንድ ልጃቸው ለሚሊሻ ተወስዶ እሳቸው ከምራታቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ቀርተዋል። ምራትየዋ ገና ለጋ ናት። በእኛ አገር ምራት አማቷን በስም አትጠራም፣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግባቸውም፣ መንገድ ላይ አትቀድማቸውም። እትዬ ደግሞ ይህንን የሚያስጠብቁት እንደ ጾም ነው። መንደሩ ውስጥ ከዚያች ልጅ አፍ ቃል ወጥቶ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ስታወሪያት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ በቃ።

"ምራቴ እንዲህ ያለ ብልግና አትማርም" አሉኝ።

"ልጆቹ ታዲያ ምን ይብሉ፣ እትዬ?"

"እኔ እሄዳለሁ። እሷ ከኋላዬ ትከተላለች።"

"ያረቢ! ባይሆን ወጣቷ ትቅደም፣ አንቱ ደክመዋል።"

"እንኳን ምራቴ፣ ልጄም ቀድሞኝ አያውቅ" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ከሰው ጋር ተጨቃጭቄ የማሸንፍበት አቅም ያኔም አልነበረኝም።

ሄድን። አወጣጣችን ደህና ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ውሎ ከተማ አድረን ስንዴውን ተቀበልን። ወረፋው ላይ አንድ ሹም ሴቶች ብቻችንን መምጣታችንን ሲሰማ ስለ ሴቶች ተሳትፎ ረጅም ንግግር አደረገልን። ቆመን ሰማነው። እግራችን እየተንቀጠቀጠ አጨበጨብንለት፤ ለነገሩ ስንዴው ገና በእጁ ነበር።

በማግስቱ ስንመለስ ጋራው ወገብ ላይ ጉሙ ወረደብን። ወዲያው በረዶው ተከተለ። መጫኛውን አውጥቼ ተራ በተራ አሰርኳቸው። እትዬ ጋ ስደርስ እጃቸውን ሰበሰቡ። "ከብት አይደለሁም፣ አልታሰርም" አሉ። እሳቸው ካልታሰሩ ምራትየዋ አትታሰርም። ሁለቱ ከጭራው ኋላ እንዲሁ ቀሩ። ከፊታቸው የምትሄደዋን ሴት ጥሪውን እንዳታቋርጥ አደራ አልኳትና ወደ ፊት ሄድኩ።

የወጣነውን ዳገት አልናገርም። ርሃብ ያደከመው ሰው ጭነት ተሸክሞ በረዶ ላይ ሲወጣ ምንም አያስብም፤ እግሩን አንስቶ ያስቀምጣል፣ ደግሞ ያነሳል። እኔ ከኋላዬ ያለችውን እጠራለሁ፣ አለሁ ትለኛለች፣ ጥሪው ወደ ኋላ ይሄዳል። ጭራው ላይ "እትዬ!" ሲባል ይሰማኛል፣ ከዚያ በጉሙ ውስጥ ቀጭን "አለሁ" ይመጣል። ያ ድምፅ ያበረታኝ ነበር። አሁን ደረስን፣ አሁን ደረስን እላለሁ።

አናቱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ ሁሉንም አሰባስቤ ቁርበት ማውጣት ጀመርን። ምራትየዋ ከጉሙ ወጣች። ጀርባዋ ላይ ሁለት ጆንያ አለ። ከፊቷ ማንም የለም።

"እትዬስ?" አልኳት።

ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት። "እትዬ የት አሉ?"

"ሂጂ አሉኝ" አለች። "ደከመኝ፣ እዚሁ ልቀመጥ፣ አንቺ ለልጆቹ አድርሺላቸው አሉኝ። ሲጠሩኝ ደግሞ አለሁ በያቸው፣ እንዳይመለሱ አሉኝ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ስሰማው የነበረ አለሁ የእሷ ነበር። ጉሙ ድምፅን ሁሉ አንድ ያደርጋል፣ የእሷን ደግሞ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንም አልጠረጠረም። አማቷ እዚያ ለሞት ትታቸው እንድትሄድ አዘዟት፣ እሷም እንደለመደችው ታዘዘች። በማን ልቆጣ? በልጅቷ? በአሮጊቷ? እዚያው አብሬያቸው መቀመጥ አማረኝ። እውነቴን ነው፣ አማረኝ።

ሴቶቹን እንዳይነቃነቁ አልኳቸውና የመጫኛውን ጫፍ አሲዤ፣ ልጅቷን አስከትዬ ተመለስኩ። መጫኛው እስኪያልቅ ሄድን። ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ ብንጨምር ራሳችንም አንገኝም። "እትዬ! እትዬ!" ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። የቄሱ ሚስት ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ሴትየዋ ላለመመለስ ቆርጠዋል፤ ወይም ብርዱ ወስዷቸዋል።

"አንቺ ጥሪያቸው" አልኳት።

"እኔ?"

"በስማቸው። ባዶ ስማቸውን።"

"ኧረ በማርያም! ነውር ነው። አልችልም።"

"አብሽሪ፣ ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ። ጥሪ!"

አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች፣ እንደ ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ዓይኗን ጨፍና ጮኸች። እትዬ የለ፣ እማማ የለ፣ ራቁቱን ስማቸውን። እንደ እኩያዋ። "ነይ! ነይ እንጂ! ልጆቹን ብቻዬን አላሳድግም!" አለች። ያ ሁሉ ድምፅ የት ተቀምጦ እንደነበር እንጃ።

ከግራ በኩል፣ ፈጽሞ ካላሰብነው በኩል፣ "ማናት ይቺ ባለጌ ስሜን የምትጠራው!" የሚል መጣ።

"ደግመሽ ጥሪያቸው!" አልኳት። ደገመችው። እሳቸውም የእናቷን ጡት፣ ያሳደጋትን አባት፣ የዳራትን ሽማግሌ ሁሉ እየጠሩ ይሰድቧታል። ምራትየዋ ስትጠራ፣ አማትየዋ ሲራገሙ፣ እኔ ልጅቷን ከመጫኛው ጫፍ ላይ አቁሜ እርግማኑን ተከትዬ በእንብርክኬ ሄድኩ። ጅባራ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፣ ጫማ እንኳ አልነበራቸውም። ምላሳቸው ግን ደህና ነበር። ወደ ልጅቷ ድምፅ እየጎተትኩ ወሰድኳቸው።

ቁልቁለቱን ያወረደቻቸው ምራታቸው ናት። አንድም ቀን ያልተለማመደች ልጅ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች፣ እሳቸውን እግሯ መሃል አስቀምጣ ወገባቸውን በመጫኛ ከራሷ ጋር ጠፈረች፣ በትሩን ብብቷ ስር ያዘች። "ቀስ ብለሽ ጫኚው" አልኳት። እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወረዱ። እኔም ከኋላቸው ወረድኩ፤ እታች ስንደርስ ያለቀስኩት ከድካም ነው፣ ሌላ ነገር አይምሰላችሁ።

ከዚያ በኋላ በልጉ እስኪያልቅ ሴቶቹ ጋራውን እየተመላለሱ ተሻገሩ። መምራቱን ተራ ገባንበት፣ እኔም እግዜር ይስጣቸው ትንሽ አረፍኩ። እትዬ ግን ምራታቸውን ሁዳዴውን ሙሉ አላናገሯትም። እግራቸውን ታጥባቸዋለች፣ እህሉን አብስላ ታቀርብላቸዋለች፣ እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላኩ። ተዋርጃለሁ፣ ምራቴ በአደባባይ ስሜን ጠርታለች፣ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቀኝ አሉ።

ደሜ ፈላ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ይቺ ልጅ አንቱንም ስንዴዎንም ተሸክማ አምጥታ ደግሞ ድንጋይ ልትሸከም ነው ወይ አልኳቸው። ልጅቷ አታስቸግሪኝ በሚል ዓይን አየችኝ። ተውኳቸው። የሰው ቤት ነገር ይታክታል።

ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ምራትየዋ ድንጋዩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ መጥታ አማቷ እግር ስር ተንበረከከች። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከትከሻዋ ራሳቸው አነሱት፤ ከብዷቸው ሊወድቁ ነበር።

"ሌላ ጊዜ ቶሎ ብለሽ ጥሪኝ" አሏት። "እዚያ ተቀምጬ ብዙ ጠብቄሻለሁ።"