ይሉኝታና መንገድ ነጋሪዋ

የኬክ ቤቱን መኪና የሚነዳው ሰውዬ ስም ነበረው፤ በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም። ሁሉም «ይሉኝታ» ይለዋል። ሰው ሲያወራ አያቋርጥም፤ የተሳሳተ አቅጣጫ ያሳየውን ሰው እንኳ አመስግኖ፣ በዚያው በተሳሳተው መንገድ ይሄዳል። ሲናገር ደግሞ ከቃላቱ ግማሾቹ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራሉ።

ይኸው ጠባዩ ጣጣ አመጣበት። ደንበኛ ሲደውል አለማንሳት ስለሚከብደው፣ እየነዳ ስልክ ሲያወራ ሁለት ጊዜ ተይዞ ተቀጣ። ሦስተኛው መንጃ ፈቃድ ያስነጥቃል፤ ፈቃዱ ከሄደ ሥራውም ተከትሎት መሄዱ ነው።

ልጁ ስልኩን መሪው አጠገብ ባለ መያዣ ላይ ሰካችና የምታወራ መንገድ ነጋሪ ጫነችለት።

«አባዬ፣ በእጅህ እንዳትነካት። የምትፈልገውን በአፍህ ንገራት፤ ትመልስልሃለች።»

«ሰላም ልበላት?»

«አባዬ! ማሽን እኮ ናት!»

እሱ ግን «እንደምን አደርሽ» ሳይላት ሞተር አያስነሳም።

አንድ ቅዳሜ ባለ ሦስት ፎቅ የሰርግ ኬክ ጭኖ ሊወጣ ሲል አማቱ ከች አሉ። «ከሰርጉ አዳራሽ ማዶ መድኃኒት ቤት አለብኝ፤ በመንገድህ ነኝ» ብለው ገቡ። እምቢ ይበላቸው?

ብዙም ሳይሄዱ መንገድ ነጋሪዋ፣ «ፊት ለፊት መንገዱ ተዘግቷል። ሌላ ልፈልግ?» አለች።

«ፈልጊ የኔ ልጅ» አሉ አማት ቀድመው። «በዚያው ወፍጮ ቤቱ ጋ አድርሺኝ፤ ጓደኛዬን ካየኋት ሰነበትኩ።»

«እሺ፣ ወፍጮ ቤቱን ጨምሬያለሁ።»

ወፍጮ ቤቱ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። የኬኩ ክሬም ደግሞ ፀሐይ አይወድም።

«ኧረ… ማለቴ… ወደ አዳራሹ ቢሆን…» አጉተመተመ።

«አልሰማሁዎትም፤ ይድገሙልኝ» አለች ማሽኗ።

«ምን ይደግማል? ወፍጮ ቤት ነው» አሉ አማት።

ቀኝ እጁ ከመሪው ተነሥታ ወደ ስልኩ ተንፏቀቀች፤ አንድ ጊዜ ቢነካው ወፍጮ ቤቱ ይሰረዛል። መስቀለኛው ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ግን ዓይኑን ተክሎበታል። እጁ እንደ ተቆጡት ሕፃን ወደ መሪው ተመለሰች።

የቀረው አፉ ብቻ ነበር።

«ወፍጮ ቤት አንሄድም!» ብሎ ጮኸ። «ወደ አዳራሹ! አሁኑኑ!»

«እሺ፣ ወደ አዳራሹ» አለች ማሽኗ።

ፖሊሱ አስቆመው። «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከ… ከማሽኗ ጋር።»

«ውሸቱን ነው፤ ከእኔ ከአማቱ ጋር ነው!»

ፖሊሱ መሪው ላይ የተጣበቁትን ሁለት እጆች አየ። «አማት ላይ መጮህ በእኛ ደንብ ቅጣት የለውም፤ እለፍ።»

ሁለት መታጠፊያ አለፉ። ከዚያ አማት ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ዘወር አሉ።

«ለካ ድምፅ አለህ! ታዲያ ልጄን ሃያ ዓመት ሙሉ ምን እያልክ አኖርካት?»

«እሺ እያልኩ።»

አማት ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኬኩን ካደረስክ በኋላስ? ወፍጮ ቤት ትወስደኛለህ?»

«እናያለን» አለ። ድምፁ አሁንም ከፍ እንዳለ ነበር።