ከፎቶው ግርጌ የቆረጥኩት

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አንድ ጊዜ «አባ፣ ፎቶ ቆርጫለሁ» ብዬ ጀምሬ፣ ለራሴም ሲያስቀኝ ወደ ሌላ ኃጢአት ዞርኩ። ዛሬ እናንተ በእሳቸው ቦታ ሆናችሁ ስሙኝ። ቆርጫለሁ። በመቀስ፣ በገዛ እጄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቆርጫለሁ።

ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት የገበያ ዋጋ በመዘገብ ነው፤ በየሳምንቱ መርካቶ፣ እህል በረንዳ እየሄድኩ የጤፉን፣ የምስሩን፣ የሽምብራውን ዋጋ እጠይቅ ነበር። ነጋዴ ለጋዜጠኛ የሚነግረው ዋጋ ሌላ፣ ለገዢ የሚነግረው ሌላ ነው። እትዬ ብርቄ ግን አንድ ዋጋ ብቻ ነበር የሚያውቁት። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የምስርና የአተር መደብሩን ብቻቸውን ያዙት። «ጻፍ» ይሉኛል፣ «ስሜን ግን እንዳታነሳ፤ ጎረቤቶቼ ይጠሉኛል።» በዚያ ዘመን ያወጣኋቸው ትክክለኛ ዋጋዎች አብዛኞቹ ከእሳቸው አፍ የወጡ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ከአንድ ነገር በቀር ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም።

በኋላ ወደ ኪነ ጥበብ ዓምድ ተዛወርኩ። ኑረዲንን ያወቅሁት ያኔ ነው። መርካቶ ዱባይ ተራ፣ ከጫማ ሱቆቹ በላይ ባለው ፎቅ ላይ በጠባብ ሱቅ የድሮ ካሴት፣ ሸክላና የዘፋኞች ፎቶ ይሸጣል። ፎቶው ፊርማ ካለበት ዋጋው ሌላ ነው። አድናቂ ዘፋኙ ቤት አይገባም፤ እኔ እገባለሁ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሁለት ሦስት ፎቶ አወጣና «ለመሥሪያ ቤት ልጆች ነው» ብዬ አስፈርማለሁ። ከዚያ ለኑረዲን እሸጣለሁ፤ እሱም አትርፎ ይሸጣል። በየጊዜው ዋጋው ሲጨምር፣ አድናቂዎች ደረጃው ላይ ቆመው ሲያማርሩ እሰማለሁ። ኑረዲን ደግሞ ይስቃል፤ «አንድ ዘፋኝ ታመመ ሲባል ስልኬ አያርፍም። የሚጸልይለትም አድናቂው ነው፣ ዋጋ የሚጠይቀኝም ያው አድናቂው ነው።»

ከዘፋኞች ሁሉ የሚወደደው ታመመ። ቤተሰቡ ስላለ ስሙን አልጽፍም። ልጠይቀው እንደምሄድ ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው ምስር የሚሰፍሩበትን ጣሳ አስቀመጡ።

«እውነት እሱ ቤት ልትገባ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መልእክት አለኝ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ሲዳር፣ እሱ ገና ስሙ ሳይወጣ ሊዘፍን አገራችን መጥቶ ነበር። ዳሱ ውስጥ፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ድምፁ ጥፍት አለ። ሰዉ ሳቀበት። እኔ ከእንስራው ውሃ ቀዳሁና በጣሳ ሰጠሁት፤ ጠጣና ዘፈነ። ታዲያ ጣሳውን ይዞት ሄደ! እናቴ ጣሳው የት ገባ ብላ ገረፈችኝ። ያቺ የተገረፈችው ልጅ እኔ ነኝ በለው።» ከሳቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያስታውስ እንደሆነ ብቻ ጠይቅልኝ።»

«ፊርማስ ላምጣልዎት?»

«ከሰጠህማ እሰየው። ዋናው ግን ጥያቄዬ ነው።»

ዘፋኙ ጋቢ ለብሶ ጋደም እንዳለ አነጋገረኝ። ስንጨርስ ሦስት ፎቶ አወጣሁ።

«ለማን ልበል?» አለኝ።

«ዝም ብለው ይፈርሙልኝ፣ ጋሼ፤ ስም አያስፈልግም።»

«ስም የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

አፈርኩና የእትዬ ብርቄን መልእክት ነገርኩት። ከጋደመበት ቀና አለ። ከዚያ «ሰማያዊ ነበር» አለ፤ «ሰማያዊ ጣሳ፣ ጆሮው ጎበጥ ያለ። ብዙ ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ እኮ።» መገረፏን ስነግረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ብዕሩን ተቀበለኝና አንዱ ፎቶ ላይ፣ ደረቱ ጋ ፈረመ፤ ከዚያ ከግርጌ ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀስ ብሎ ጻፈ። የቀሩትን ሁለት ፎቶዎች ሳይፈርምባቸው መለሰልኝ። «እጄ ደከመ። እነሱ ይቅሩ፤ ይህቺን አድርስልኝ።»

ምን እንደጻፈ አሁን አልናገርም። ዋናውን ነገር ከፊት ማስቀመጥ የሙያዬ ደንብ ነው፤ ይህ ግን ከእናንተ በፊት መስማት ያለበት ሰው አለው።

አደረስኩ? አላደረስኩም። ከዘፋኙ ቤት ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ኑረዲን ጋ ነው። ፊርማ ይጠብቅ ነበርና ባዶ እጄን ልሄድበት አልፈለግሁም። ፎቶውን ተቀብሎ ከግርጌ ያለውን አነበበና መለሰልኝ።

«ይሄማ የሴትዮዋ ነው። ስም የተጻፈበት ለባለስሙ እንጂ ለሌላ ሰው አይሆንም። ውሰድላት።»

«ስሙ ባይኖርበትስ?»

ዋጋውን ነገረኝ። ከዚያ በፊት ለአንድ ፎቶ ያን ያህል ተከፍሎኝ አያውቅም። መቀስ ይኖርሃል ወይ አልኩት። «ያውልህ፤ እኔ ግን አልቆርጥም» ብሎ ፊቱን ወደ ካሴቶቹ አዞረ። እኔ ቆረጥኩ። በጥንቃቄ፣ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ። የተቆረጠችውን ወረቀት ጠቅልዬ ወደ አብነት ሰፈር ስወርድ ቦይ ውስጥ ጣልኳት።

ልጄ ታሞብኝ ነበር ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ማንም አልታመመም። ከኑረዲን ሱቅ ሥር፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ በከፈለኝ ገንዘብ ቡናማ ጫማ ገዛሁ።

በሳምንቱ እትዬ ብርቄ ጠየቁኝ። «ደክሞት ነበር፣ እትዬ። መልእክትዎን ለማድረስ አልተመቸኝም» አልኩ። ለምን ይህን አልኩ? ፊርማውን መስረቄ አንሶኝ መልሱንም መስረቅ ነበረብኝ? «ያስታውሳል» ማለት ምን ያስከፍለኝ ነበር? ግን ያስታውሳል ካልኩ፣ ምን አለ ይሉኛል፤ ምን ጻፈ ይሉኛል፤ አሳየኝ ይሉኛል። እሳቸው ግን «ምን ታደርግ፣ ይማረው» ብለው በገዛሁት ምስር ላይ አንድ እፍኝ ጨመሩልኝ። ቀና ሲሉ ጫማዬን አዩ። «አዲስ ነው? አምሮብሃል።»

ዘፋኙ ሞተ። የፊርማው ዋጋ በአንድ ጊዜ ተሰቀለ፤ አለቃዬም ስለ አድናቂዎቹ ምሬት ዘገባ እንድሠራ አዘዘኝ። እኔን። ደብተሬን ይዤ ኑረዲንን እያነጋገርኩ ሳለ እትዬ ብርቄ ከደረጃው ትንፋሽ አጥሯቸው ብቅ አሉ። ፎቶው ከኑረዲን ጀርባ ተሰቅሎ ነበር፤ ዋጋው ገና ይጨምራል ብሎ አልሸጠውም። እሳቸው እኔን ከማየታቸው በፊት ፎቶውን አዩ። ዋጋውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ለአንድ ፎቶ? በዚህ እኮ አንድ ኩንታል ምስር ገዝቼ አራግፋለሁ።»

«ምስር ለከርሞም ይመረታል፣ እናቴ» አለ ኑረዲን፣ «እሱ ግን ከእንግዲህ አይፈርምም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እንኳን እዚህ አገኘሁህ። አንተ አታታልለኝም። እውነት የእሱ ፊርማ ነው?»

«እትዬ ብርቄ» አልኩ፣ «ሲፈርም እዚያው ነበርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የተጣራ መረጃ ሰጥቼ አላውቅም፤ እንደዚያችም የከፋ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።

«ለካስ ፈርሞ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለሌላ ሰው ነዋ። ይሁን። ውሃውንም ረስቶት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ውሃ ጠጥቷል።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አልረሳም»። አልተናገርኩም።

ኑረዲን ከፎቶው ግርጌ ያነበበውን ስም ስጠራ ቀና ብሎ አይቶኝ ነበር። ፎቶውን ከግድግዳው አወረደ፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፣ በጋዜጣ ጠቀለለው። «ለእርስዎ በገዛሁበት ይውሰዱት፤ ትርፍ አልፈልግም» አላቸው። መረቁት። ስለመሰከርኩላቸው እኔንም መረቁኝ። ከወረዱ በኋላ ኑረዲን የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ «ከእንግዲህ ፎቶ ይዘህ እንዳትመጣብኝ።» እኔ ቢሮ ገብቼ ዘገባዬን ጻፍኩ። የአድናቂዎቹ ምሬት ነበረበት፣ የነጋዴዎቹ መልስ ነበረበት። ፊርማዎቹ ከማን እጅ እንደሚመጡ የሚናገር መስመር አልነበረበትም።

ፎቶው ዛሬም እህል በረንዳ ከምስሩ ጆንያዎች በላይ ተሰቅሏል። በሦስት ጎኑ ነጭ ጠርዝ አለው፤ በግርጌው የለውም። በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። እትዬ ብርቄ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ የእህሉን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉለት ለደንበኛ ሁሉ «ሲፈርም ይሄ ልጅ እዚያው ነበር» እያሉ እኔን ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ምስር ገዝቼ ተመልሻለሁ።

አሁን ጻፍኩት፤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማፈግፈግ ስለሚከብደኝ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት መደብራቸው ተቀምጬ ራሴ አነብላቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ላያምኑኝም ይችላሉ፤ የማሳያቸው ማስረጃ የለኝም። አንድ ምንጭ ብቻ ያለው ነገር ዜና አይሆንም እያልኩ ስንት ወጣት ጋዜጠኛ መልሻለሁ። ይህም ያለው አንድ ምንጭ ነው፤ ያውም እሳቸውን ዋሽቶ የሚያውቅ።

እትዬ ብርቄ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። እርስዎ ይቅርታ የተጠየቁት ያኔ ነው፤ ከእኔ በጣም ባነሰ ጥፋት፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ። ያን ይቅርታ ነው የቆረጥኩብዎ። እንዲህ ይል ነበር፦

«ለብርቄ። ያን ቀን ውሃሽ ባይኖር ዘፈኑን አልጨርሰውም ነበር። ጣሳሽን ይዤብሽ ሄጃለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»