ቁልፉ ፋብሪካ የቀረ ስልክ

ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል ሲወርዱ፣ የረሂማን ሱቅ አልፎ የሚኖረውን ቦጋለን የማያውቅ የለም። ሙያው ሽመና ነው፤ ሽሮ ሜዳ ለሚሸጥ ጋቢ መወርወሪያ ሲወረውር ይውላል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በጡሩምባው ነው። የዕድራችን ለፋፊ እሱ ነው። እኔ በሙሽርነት ወደዚህ ሰፈር ስገባ እሱ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ጡሩምባውን ከአባቱ የተረከበውም ያን ሰሞን ነው።

ሥራውን እንደ ዋዛ አያየውም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሟቹ ልጆች ያሉበትን ያጠያይቃል። ልጅ የአባቱን ሞት ከጡሩምባ መስማት የለበትም ይላል። ለእነሱ ከተነገረ በኋላ ነው የሚወጣው። መታጠፊያው ጋ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ይነፋል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ስሙን ይጠራል። እኛም በየበራችን ቆመን፣ ያቺን ዝምታ ነበር የምንፈራት።

አንድ ጊዜ የጡሩምባው አፍ ተሰነጠቀ። የጠገነለት የረሂማ ባል ሸምሰዲን ነው። ሸምሰዲን ሱቁን ሳይከፍት በፊት ከቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ይሠራ ነበር። ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ለጠፈበትና ድምፁ ከበፊቱ ትንሽ ጎርነን አለ። ሰፈሩ "ጡሩምባዋ ሰለመች" እያለ ሲስቅ፣ ሸምሰዲን ራሱ ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር።

ዕድሜ ሲመጣ የቦጋለ ደረት ደከመ። ዳገቱን ወጥቶ መንፋት ሲያቅተው በገዛ ላቡ ስልክ ገዛ። የዕድሩ ሰው ሁሉ በየስልኩ በአንድ የመልእክት ቡድን ተሰብስቦ፣ መርዶውን እሱ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ይጽፍልን ጀመር። መልእክቱን ከመላኩ በፊት አሁንም ባርኔጣውን ያወልቃል። ስንስቅበት "ለስልኩ መሰላችሁ እንዴ? ለሟቹ ነው" ይለናል።

ስልኩ ግን ዘንድሮ በከፈተው ቁጥር አንድ ጽሑፍ ያመጣበት ነበር። ቦጋለ ማስታወቂያ መስሎት በጣቱ ገፋ እያደረገ ያልፈዋል።

ሸምሰዲን ያረፈው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ጠዋት፣ እቤቱ። ልጁ መጥታ ለቦጋለ ነገረችው። እስላሞች ቀብር አያሳድሩም፤ ስለዚህ ቦጋለ ጊዜ አልፈጀም። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጻፈ፣ ላከ። ከዚያ ከለቅሶ ቤቱ በር ቆሞ የዕድሩን ሰው መጠበቅ ያዘ። የመጣ የለም። ድንኳን የሚተክል እንኳ ጠፋ። ዘመዶቹና የመስጊዱ ሰዎች ይዘውት ወደ ኮልፌ መቃብር ሄዱ፤ ከዕድራችን የተከተለው ቦጋለ ብቻ ነው።

እኔ ደጃፌ ላይ ጥጥ ስፈትል መኪናው አለፈ። አስከሬን መሆኑን አይቼ፣ የማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ እንዝርቴን አስቀምጬ ተነስቼ ቆምኩ። ሰላሳ እርምጃ የማይርቀኝ ጎረቤቴ ኖሯል፤ እስላሞች ሙሾ ስለማያወርዱ ለቅሶ እንኳ አልሰማሁም።

ቦጋለ ከቀብር ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

"ኢየሩ፣ አንቺም ቀረሽ?"

"ከምኑ?" አልኩት።

ከሸምሰዲን ቀብር ሲለኝ የዚያ መኪና ነገር ገባኝ፤ መርዶውን በስልክ ልኬ ነበር አለ። የልጅ ልጄ ትሕትና የራሷን ስልክ ከፈተች፤ ምንም የለም። የእሱን ተቀብላ ብታይ መልእክቱ እንደተጻፈ እዚያው ተቀምጧል። አልወጣም። ቦጋለ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ። ለካ ረሂማ ለልጇ "ከባዕድ ቆጠሩን" ብላ አልቅሳለች፤ ያ ነው የከነከነው።

ትሕትና ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እዚያው አጠገቧ ስልክ የሚጠግን ኑሕ የሚባል ሰው አለና በታክሲ ወሰደችን። ኑሕ ስልኩን አገላብጦ አየና ዕቃው ደህና እንደሆነ ነገረን፤ ባትሪው አልደከመም፣ ድምፁም ጥሩ ነው። ያረጀው ውስጡ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሶፍትዌር የሚሉት ነገር ነው አለ። የሠራው ፋብሪካ አዲሱን መላክ ትቷል፤ መልእክት መላኪያው ደግሞ አሮጌውን አልቀበልም ብሏል። ያ ቦጋለ ገፋ የሚያደርገው ጽሑፍ ለካ ይህንን ሲናገር ነበር የከረመው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስልክ ሌላ አዲስ ሶፍትዌር ጽፈው በነፃ የሚሰጡ ሰዎች እንዳሉም አጫወተን፤ ለሌሎች ስልኮች ጭኖ ያውቃል።

"እንግዲያው ጫንልኛ" አለ ቦጋለ።

"ይሄኛው ላይ አልችልም አባባ። ተቆልፏል።"

"ማን ቆለፈው?"

"የሠሩት ሰዎች። ከእነሱ ሌላ ማንም ምንም እንዳይጭንበት። ቁልፉ ፋብሪካው ጋ ነው የቀረው፤ ለዚህ ዓይነት ስልክ አንሰጥም ብለዋል።"

ቦጋለ ስልኩን እጁ ላይ መዘን መዘን አደረገ። "ለመሆኑ ይሄን ስልክ ገዝቼዋለሁ ወይስ ተከራይቼዋለሁ?"

ኑሕ ፈገግ አለ። ከሌባ ለመጠበቅ ነው እንደሚሉ፣ እሱም ጨርሶ ውሸት እንዳልሆነ ነገረው።

"ባለቤቱንም ደጅ አስቀርቶ?" አለ ቦጋለ። ኑሕ አዲስ ቢገዙ ይሻላል ብሎ ስልኩን በአክብሮት በሁለት እጁ መለሰለት።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ቦጋለ፣ "እኔ የሸመንኩትን ጋቢ አንዷ ገዝታ ለልጅ ማዘያ ብትቀደው፣ ሄጄ እጇን እይዛለሁ?" አለኝ። እኔም የስንቱን ጥጥ ፈትዬ እንደሸጥኩ አሰብኩ። ሸማኔው ነጠላ ይሥራው ቡልኮ ብዬ የጠየቅሁት የለም። አንዴ ከእጄ ከወጣ የሱ ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። እርግጥ ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ ምናልባት ያልገባኝ ነገር ይኖር ይሆናል።

ማታውን የዕድሩ ሰብሳቢ ስብሐት መጣ። ሳይቆጣ፣ ነገ ሁላችንም ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ከእንግዲህ መርዶውን በአዲስ ስልኳ ትሕትና ትላከው፣ አንተም ዕረፍ አለው። ቦጋለ አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"ሸምሰዲን ስሙ ሳይጠራ ነው የተቀበረው።"

በማግስቱ ማለዳ ቀጭን ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ይነሳል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይነሳል። የጡሩምባዋን ጎርናናነት ግን አወቅኩት። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስወጣ ቦጋለ መታጠፊያው ጋ ቆሟል፤ ባርኔጣው ብብቱ ውስጥ ነው።

"የዕድር ሰዎች ስሙ" አለ። "ወንድማችን ሸምሰዲን ትናንት ዐርፎ ትናንት ተቀብሯል። ቤተሰቡ በጊዜው ነግሮኛል። ለእናንተ ያላደረስኩት እኔ ነኝ።"

ስለ ስልኩ ቃል አልተነፈሰም። አንድ ጎረምሳ የተቀበረ ሰው ይለፈፋል እንዴ ሲል ሰማሁት፤ እውነቱን ነው፣ እኔም በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ቦጋለ ግን በየመታጠፊያው ድንጋይ ላይ እያረፈ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ያንኑ ደገመው። በየቤቱ በር ተከፈተ። የሰማው ሁሉ ከኋላው ገባ፤ ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው መጡ።

ረሂማ ደጅ ስንደርስ ሳይነፋ ቆመ። ረሂማ ወጣች። ከኋላው ያለነውን አየችን፤ ከዚያ ዓይኗ ጡሩምባው ላይ፣ ባሏ የለጠፋት ቆርቆሮ ላይ ዐረፈ። 

"ጋሽ ቦጋለ፣ ደክሞዎታል" አለችው። "ይግቡ በቃ።"

ገባን። ድንኳኑም ተተከለ።

አሁን መርዶ የምትልከው ትሕትና ናት፤ ጎበዝ ናት፣ አታሳስትም። የቦጋለ ስልክ ከሸማ መሥሪያው በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሬዲዮ ያሰማዋል። ጤነኛ ነው፤ ግን ተቆልፎ ቀረ።

በቀደም አንድ ነገር ለመንኩት። የእኔ ቀን ሲደርስ ትሕትና በስልኩ ትላከው፣ አንተም ንፋልኝ አልኩት። ትንፋሽ የለኝም አለ። አንዲት መታጠፊያ ትበቃኛለች አልኩት። መወርወሪያውን አቆመ።

"የትኛዋ?" አለኝ።