ከወንበር እስከ ወንበር

ለንደን ባለው የእጽዋት ማሳያ የገና መብራት በየዛፉ ተሰቅሏል፤ ቀን ስለሆነ ግን አልበራም። በሩ ላይ ቲኬት የምትቆርጠውን የሎዛን ዐይን አንድ ሽማግሌ ሳቡት። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው እርምጃቸውን በአማርኛ እየቆጠሩ ይሄዳሉ። ወንበር ሲያገኙ ቁጭ ብለው መደገፊያውን ገፋ ገፋ ያደርጉና ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀት አውጥተው ይጽፋሉ።

ተጠጋቻቸው። "አባባ፣ መብራቱ የሚበራው ሲመሽ ነው እኮ።"

"የመጣሁት ለወንበሩ ነው፣ ልጄ። ባለቤቴ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ካደረገች ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። የምትችለው ሃምሳ እርምጃ ነው።"

"ከሦስተኛው ወንበር በኋላ ያለው ሩቅ ነው። ዊልቸር ቡክ ላድርግልዎት?"

"ዊልቸር ካየች ከበር ትመለሳለች።"

ወደ ሦስተኛው ወንበር ተመልሰው እንደገና ቆጠሩ። እስከ አራተኛው ዘጠና ሆነ። መሃል ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው መሬቱን በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

"እዚህ ጋ መቋሚያዋን ተደግፋ ታርፋለች። ቅዳሴውን ሙሉ ቆማ ታስቀድስ የነበረች ሴት፣ መብራት ለማየት መቆም ያቅታታል?"

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

"ሁለት ቲኬት ቁረጪልኝ። በእግራችን ነው የምንዞረው።"