የአባቴ ዘንበል ያሉ ፊደላት

ሰሞኑን ጎረቤታችን የብረት በሩን ሲያስቀባ የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ በመስኮት ገባና፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ መክተፍ የጀመርኩትን ሽንኩርት ትቼ በሐሳቤ ሰበታ፣ አባቴ ቀለም ይበጠብጥበት ከነበረው ግቢ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ደበላ በንጉሡ ዘመን በርና መስኮት እየቀባ ያሳደገን ሰው ነበር። ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኞቹ ጋር በአማርኛ፣ ከቀለሞቹ ጋር ደግሞ በሁለቱም ያወራል። አንድ ቀን ከውጭ አገር የመጣ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ገባ። በላዩ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ወፍራም ነው፤ ግንዱ ደንደን፣ ማያያዣው ቀጠን ያለ፣ እግሩ ጫማ ያጠለቀ የሚመስል፣ ሁሉም ነፋስ ከኋላው እንደገፋው መንገደኛ ወደ ፊት ዘንበል ያለ። ቀለሙ ካለቀ በኋላ እናቴ ቆርቆሮውን ለውሃ ብትመኘው አልሰጣትም።

«ፈረንጅ ፊደሉን ካስኬደው፣ የኛ ለምን ቆሞ ይቀራል?» አለኝ።

ያን ክረምት ሙሉ የቤታችንን ግድግዳ በከሰል ሲሞላው ከረመ፤ «ሀ» እየጋለበች፣ «መ» ሁለት ሆዷን ይዛ እየሮጠች፣ እናቴም ከኋላ ከኋላ በጨርቅ እየጠረገች።

መስከረም ላይ አቶ ታደሰ የሚባሉ የከተማችን ነጋዴ አውቶቡስ ገዙና «ሰበታ – አዲስ አበባ» ብሎ እንዲጽፍላቸው አባቴን ጠሩት። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ነበር። በቀይ ቀለም፣ ጥቁር ጥላ አክሎ ሦስት ቀን ጻፈ፤ በቀኙ ጎን ፊደሎቹን ወደ ቀኝ፣ በግራው ጎን ወደ ግራ አዘነበላቸው፣ በሁለቱም በኩል ወደ መኪናው አፍንጫ እንዲያዩ። በአራተኛው ቀን አቶ ታደሰ ግማሹ ከተማ በተሰበሰበበት ዙሪያውን ተመለከቱት።

«ኦቦ ደበላ፣ ፊደሉ ሊወድቅ ነው እኮ። ካላቃኑት ሌላ ሰው አመጣለሁ» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔ በእናቴ ነጠላ ውስጥ ተደበቅሁ። አባቴ ግን ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ መለሰላቸው።

«በቆመ መኪና ላይ አይፍረዱ። ሾፌሩ አንዴ ይንዳውና ይዩት።»

አውቶቡሱ እስከ ድልድዩ ወርዶ፣ ዞሮ፣ አቧራውን እያስነሣ በፊታችን አለፈ፤ ፊደሎቹም አብረው ሮጡ። አቶ ታደሰ አቧራውን ከኮታቸው እያራገፉ፣ «ይሄማ ከመኪናው ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ቡና ቤቱ ሁሉ የሚሮጥ ፊደል አማረው፤ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሳይቀር እየመጡ ይወስዱት ጀመር። በዚያ አውቶቡስ ስሄድ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ፣ «የጻፈው አባቴ ነው» እል ነበር። ዛሬም እላለሁ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ።

የማሳየው ግን የለኝም። አውቶቡሱ ለቁርጥራጭ ብረት ሄደ፣ ሱቆቹ ፈርሰው ፎቅ ሆኑ፣ የዛሬው ማስታወቂያ በላስቲክ ላይ ታትሞ በአንድ ክረምት ይቀደዳል። የአባቴን የመቃብር ድንጋይ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ፊደሎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እሱ የሰውን ሁሉ ስም ሲጽፍ የራሱን በአንድም ሰሌዳ ላይ አላሰፈረምና፣ «ደበላ» የሚለው በእሱ እጅ ቢጻፍ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም።