ከጎረቤት የተሳበው መስመር

ወደ የኔታ ቤት መሄድ እንደ ሞት ነበር የምፈራው። የድጓ መምህሬ ናቸው፤ ትምህርቱን አጋምሼ ጥያቸው ንፋስ መውጫ ከተማ ገባሁና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ማየት አፍር ነበር።

ልጃቸው ግን በስልክ እያለቀሰች ጠራችኝ። የኔታ ሳንባቸውን ታመው ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን ተገዝቶላቸዋል፤ ማሽኑ ደግሞ እየተነሳ ይጠፋል። ዛሬ ካልተስተካከለ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሊወስዳቸው ነው። እሳቸው ከሄዱ ተማሪዎቹ ይበተናሉ።

ስደርስ ሻንጣው ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። የኔታ መደባቸው ላይ እንደተደገፉ "መጣህ?" አሉኝ። እጅ ነስቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

መብራቱ ከጎረቤት ቆጣሪ በሽቦ የተሳበ ነው። ቆጣሪው ደህና ነው። ሶኬቱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ማሽኑ ሲነቀል ኃይሉ ሙሉ ነው፣ ሲሰካ ይወርዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ኃይሉን የሚሻማ መስሎኝ ጎረቤትየውን በከንቱ ተቆጥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቤቱ ጧፍ ጧፍ ይሸታል፤ የየኔታ ቤት መቼ ጧፍ ሳይሸት ያውቃል ብዬ ንቄው ነበር። ኋላ ዙሪያዬን ሳይ የበራ ጧፍ የለም።

ኃይሉን አስጠፍቼ ሽታውን ተከትዬ ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ላይ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ፋንታ ጧፍ ተጠምጥሞበታል። ሰሙ ቀልጧል፣ ክሩ አሯል፣ ላልቶ የታሰረው ሽቦ ማሽኑ ኃይል በሳበ ቁጥር እየጋለ ጠቁሯል።

"የማን ሥራ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ተማሪዎቹ ተያዩ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ "ዝናብ እንዳያገኘው ብለን ነው። ሰም ውሃ አያስገባም" አለ።

"እግዜር ይይላችሁ! የኔታን ከነቤታቸው ልታነዷቸው ነበር እኮ!"

የተቃጠለውን ቆርጬ፣ አዲስ ሽቦ በማያያዣ አጥብቄ ቀጠልኩና በፕላስተር ጠቀለልኩት። ማሽኑ ተነሳ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤ አልጠፋም። ልጃቸው ወደ ሹፌሩ ደውላ "እንዳትመጣ" አለችው፤ ሻንጣውንም መፍታት ጀመረች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ልሰናበት ጎንበስ ስል የኔታ እጄን ያዙኝ። ለዓመታት አምቄ የያዝኩት ከአፌ አመለጠኝ። "የኔታ፣ ድጓውን ጥዬ በመሄዴ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ተወው ልጄ። ባትሄድ ኖሮ ዛሬ አንተም ከእነዚህ ጋር ጧፍ ስትጠመጥም ነበር የምትውለው" አሉኝ።